የሽቦው ሁለት ጫፎች፤ የአንድ ፍለጋ ታሪክ

የመጽሔታችን አዘጋጆች ለዚህ ዓመት ዕትም የአንድ የምርምር ዘርፍ ታሪክ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፥ የማኅበራችን አባሎች ከእንዲህ ያለ ጽሑፍ የሚጠብቁት የተሳካ ሥራ ታሪክ መሆኑን ሳልዘነጋ ነው ርእሴን የመረጥሁት። ስለ ድልድይ ወይም ስለ ግድብ የሚጽፍ ሰው ቢያንስ ድልድዩን ቆሞ፥ ግድቡን ውሃ ይዞ ያገኘዋል። እኔ የምጽፍለት ሥራ ግን ገና አላለቀም፤ እንዲያውም በመካከሉ አንድ ጊዜ ከግቡ ደረሰ ተብሎ ተነግሮለት፥ ከሦስት ዓመት በኋላ ቃሉ የታጠፈበት ሥራ ነው። ይኸውም ከፊል አስተላላፊና ልዕለ አስተላላፊ የሚባሉትን ሁለት ዓይነት ቁሶች በማጋጠም፥ በተፈጥሮ መኖሩ በርግጥ ያልተረጋገጠውን ቶፖሎጂያዊ ልዕለ አስተላላፊነት በሰው እጅ ለመሥራት የተደረገው ጥረት ነው። ርእሱ ለፊዚክስ ሰዎች ብቻ የሚሆን ይመስላል። ነገር ግን በውስጡ ያለው ጥያቄ የሁላችንም ነው፤ መሣሪያ አንድ ምልክት ባሳየን ጊዜ፥ ምልክቱ የምንፈልገው ነገር ምልክት መሆኑን በምን እናውቃለን?

ስለ ቃላቱ ጥቂት ልበል። «ልዕለ አስተላላፊ» የምለው ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ሱፐርኮንዳክተር ብለን የተማርነውን፥ «ከፊል አስተላላፊ» የምለው ደግሞ ትራንዚስተር የሚሠራበትን ሰሚኮንዳክተርን ነው። የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ታሪኩ የሚጀምረው በሆላንድ፥ በላይደን ከተማ ነው። ሄይከ ካመርሊንግ ኦነስ በ1908 ሂሊየምን ወደ ፈሳሽነት በመለወጣቸው፥ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ከነበሩት የምርምር ቤቶች ሁሉ እጅግ ቀዝቃዛው የእርሳቸው ሆነ። በ1911 በዚህ ቅዝቃዜ ውስጥ የሜርኩሪን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ሲለኩ፥ ከፍጹም ዜሮ በላይ 4.2 ኬልቪን ገደማ ሲደርስ ተቃውሞው በድንገት ጠፋ። መለኪያውን በእጃቸው የያዙት ጂልስ ሆልስት የተባሉ ረዳት ነበሩ፤ ስማቸው ግን በጽሑፉ ራስጌ ላይ አልተጻፈም። ከዚያ ወዲህ ልዕለ አስተላላፊነት በብዙ ብረቶች ቢገኝም፥ ምክንያቱን የሚናገር ሰው ሳይገኝ 46 ዓመት አለፈ።

ምክንያቱን በ1957 የገለጡት ጆን ባርዲን፥ ሊዮን ኩፐርና ሮበርት ሽሪፈር ናቸው። ባርዲን ከዚህ ቀደም በ1947 ከዋልተር ብራተይን ጋር የመጀመሪያውን ትራንዚስተር የሠሩ ሰው ነበሩ፤ ለአንዱ ሥራ በ1956፥ ለሌላው በ1972 የኖቤልን የፊዚክስ ሽልማት ሁለት ጊዜ ተቀብለዋል። እንግዲህ የሁለቱ ቁሶች ታሪክ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ተገናኝቶ ነበር ማለት ይቻላል፤ ቁሶቹ ራሳቸው በአንድ መሣሪያ ውስጥ ለዚህ ዓላማ የተጋጠሙት ግን እርሳቸው በ1991 ካረፉ ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው።

የእነባርዲን ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። በተራ ሽቦ ውስጥ የሚጓዙ ኤሌክትሮኖች ከመንቀጥቀጥ ከማያርፉት አቶሞች ጋር እየተጋጩ ኀይላቸውን ያባክናሉ፤ ሽቦው የሚሞቀውም ስለዚህ ነው። በልዕለ አስተላላፊ ውስጥ ግን ኤሌክትሮኖች እንደ ጥማድ በሬ ሁለት ሁለት ሆነው ይጠመዳሉ፥ ጥማዶቹም ሁሉ በአንድነት ይሄዳሉ። ቀንበሩን ለመስበር የተወሰነ ኀይል መክፈል ያስፈልጋል፤ ይህም የኀይል ክፍተት ይባላል። የኤሌክትሮኖቹ ቍጥር ጎዶሎ ከሆነ አንዱ ያለ ጓደኛ ይቀራል፥ ብቻውን ለመኖርም ያን የክፍተት ዋጋ ይከፍላል። ይህን ጓደኛ የሌለው ኤሌክትሮን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ልዕለ አስተላላፊ ጠባዩን ለጎረቤቱ ያጋራል። ከሌላ ቁስ ጋር በደንብ ቢጣበቅ፥ በመጋጠሚያው አቅራቢያ ያለው ተራ ቁስ ራሱ ልዕለ አስተላላፊ መሆን ይጀምራል። ሆልምና ማይስነር በ1932 የዚህን ነገር ፍንጭ በብረቶች መነካኪያ ላይ አይተው ነበር። በ1964 ደግሞ ሶቪየታዊው አሌክሳንደር አንድሬዬቭ በመጋጠሚያው ላይ የሚሆነውን አስረዱ። ከተራው ወገን የመጣ አንድ ኤሌክትሮን ብቻውን ሊገባ ስለማይችል ሌላ ኤሌክትሮን ጎትቶ ጥማድ ሆኖ ይገባል፥ በተወው ባዶ ቦታ ፋንታም «ቀዳዳ» የሚባለው፥ እንደ አዎንታዊ ሙል የሚቈጠረው ነገር ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህ የአንድሬዬቭ ግኝት በታሪካችን ውስጥ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንድ ጊዜ እንደ ረዳት፥ አንድ ጊዜ እንደ አሳሳች።

አሁን ወደ ጣልያን አገር መሻገር ያስፈልገናል፤ የሚፈለገው ነገር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነውና። ኤቶሬ ማጆራና በ1906 በካታኒያ ተወልደው በሮማ ከኤንሪኮ ፌርሚ ጋር የሠሩ ሊቅ ነበሩ። በ1937 ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ራሱ የራሱ ተቃራኒ የሆነ ቅንጣት ሊኖር እንደሚችል በሒሳብ አሳዩ። ኤሌክትሮን ፖዚትሮን የሚባል ተቃራኒ አለው፤ የማጆራና ቅንጣት ግን ከተቃራኒው የሚለይበት ነገር የለውም። በሚቀጥለው ዓመት በማርች ወር፥ በ31 ዓመታቸው፥ ከኔፕልስ ወደ ፓሌርሞ በመርከብ ተጓዙና ደብዛቸው ጠፋ። በ2015 የሮማ ዐቃቤ ሕግ፥ ሰውየው በ1950ዎቹ በቬኔዙዌላ በሕይወት እንደነበሩ ተደምድሟል ብሎ መዝገቡን ዘጋ፤ ከዋና ማስረጃዎቹም አንዱ የአንድ ፎቶግራፍ መልክ ከቤተሰቡ መልክ ጋር መመሳሰሉ ነበር። ሁሉም ሰው በዚህ አላመነም።

በልዕለ አስተላላፊ ውስጥ ኤሌክትሮንና ቀዳዳ ስለሚቀላቀሉ፥ እኩል ለእኩል የተቀላቀለ ነገር ቢገኝ ከተቃራኒው ጋር አንድ ይሆናል። ይህን ሐሳብ በጣም ቀላል በሆነ መልክ ያቀረቡት አሌክሲ ኪታየቭ ናቸው፤ ጽሑፋቸው በ2001 ታተመ። እኔ ለተማሪዎች ሳስረዳ ሒሳቡን ትቼ የሚከተለውን ምሳሌ እሰጣለሁ።

ብዙ ሰዎች በአንድ መሥመር ተሰልፈው ቆመዋል እንበል። ሁሉም የገዛ ቀኝ እጁን በገዛ ግራ እጁ ቢይዝ፥ በሰልፉ ውስጥ ባዶ እጅ አይኖርም፤ ይህ ተራው ልዕለ አስተላላፊ ነው። አሁን ደግሞ እያንዳንዱ ሰው የገዛ እጁን ለቆ በግራና በቀኝ የቆሙትን ጎረቤቶቹን እጅ ይያዝ። በመካከል ያሉት ሁሉ ሁለቱም እጃቸው ተይዟል። ነገር ግን በሰልፉ መጀመሪያ የቆመው ሰው አንድ እጅ፥ በመጨረሻ የቆመውም አንድ እጅ ያለ ጓደኛ ይቀራል። ሁለቱ ባዶ እጆች ተደምረው የአንድ ሰው እጆች ያህላሉ፤ በመካከላቸው ግን የሰልፉ ርዝመት ሁሉ አለ። በኪታየቭ ሒሳብ ሰዎቹ የኤሌክትሮን ቦታዎች ናቸው፥ እጆቹም የማጆራና ግማሾች ናቸው። ያ ጓደኛ የሌለው ኤሌክትሮን በዚህ ሰልፍ ውስጥ የክፍተቱን ዋጋ ሳይከፍል፥ ግማሹ በአንዱ ጫፍ፥ ግማሹ በሌላው ጫፍ ሆኖ ይኖራል። በመካከል ያለውን አንዱን ሰው ቢገፉት ወይም ቢያንገዳግዱት ባዶዎቹ እጆች አይጠፉም፤ እንዲጠፉ ሰልፉ በሙሉ አያያዙን መለወጥ አለበት። ቶፖሎጂያዊ የተባለበትም ምክንያት ይኸው ነው።

ይህ ለምን ይጠቅማል ቢሉ፥ የኳንተም ኮምፒዩተር ሠሪዎች ትልቁ ጠላት የአካባቢ ሁከት ነው። መረጃው በአንድ ቦታ ከተቀመጠ ትንሽ ሙቀት ወይም አንድ የባዘነ ሙል ያበላሸዋል። የኤሌክትሮኖቹ ቍጥር ጎዶሎ ነው ወይስ ሙሉ የሚለው መረጃ በሁለት የተራራቁ ጫፎች ተከፍሎ ቢቀመጥ ግን፥ አንዱን ጫፍ ብቻ የሚነካ ሁከት ሊያነበውም ሊያጠፋውም አይችልም። ማይክሮሶፍት ኩባንያ ለብዙ ዓመታት በዚህ መንገድ ላይ ገንዘቡን ያፈሰሰው ስለዚህ ተስፋ ነው።

የኪታየቭ ሰልፍ በወረቀት ላይ ነበር። ችግሩም ኤሌክትሮኖች ስፒን የሚባል ባሕርይ ስላላቸው፥ ይኸውም እያንዳንዱ እንደ ጥቃቅን ማግኔት ስለሆነ ነው። ተራው ልዕለ አስተላላፊ የሚያጠምደው ስፒናቸው ተቃራኒ የሆኑትን ነው፤ ሰልፉ ግን አንድ ዓይነት ስፒን ብቻ ይፈልጋል። በ2010 ሁለት የጠበብት ቡድኖች፥ አንዱ ሉትቺን፥ ሳውና ዳስ ሳርማ፥ ሌላው ኦሬግ፥ ሬፋኤልና ፎን ኦፐን፥ በአንድ ዓመት አንድ ዓይነት መፍትሔ አቀረቡ። ውበቱ አዲስ ቁስ አለመፈለጉ ነው። ከፊል አስተላላፊ የሆነ ቀጭን ሽቦ ይወሰዳል፤ ይህ ሽቦ የኤሌክትሮኑን ስፒን ከአካሄዱ አቅጣጫ ጋር የሚያስተሳስር መሆን አለበት። በጎኑ ልዕለ አስተላላፊ ይለጠፍበታል፥ ጠባዩንም ያጋራዋል። ከዚያ በሽቦው ርዝመት ማግኔታዊ መስክ ይደረጋል፤ መስኩ ከሁለቱ የስፒን ዓይነቶች አንዱን ያገልላል። የስፒንና የአካሄድ መተሳሰር ባይኖር ኖሮ የቀሩት ኤሌክትሮኖች ሁሉ ስፒናቸው አንድ ሆኖ መጠመድ ባልቻሉ ነበር፤ መተሳሰሩ ግን ወደ ግራ የሚሄደውንና ወደ ቀኝ የሚሄደውን በጥቂቱ ያዘነብላቸዋል፥ ያ ዝንባሌም ለመጠመድ ይበቃል።

መሐንዲስ ይህን ሲሰማ ወዲያው የሚያየው ተቃርኖ አለ። ማግኔታዊ መስክ የልዕለ አስተላላፊነት ጠላት ነው፤ እዚህ ግን ከክፍተቱ የሚበልጥ የማግኔት ኀይል በሽቦው ላይ ያስፈልጋል። መውጫው ለማግኔት የሚሰጡት ምላሽ እጅግ የተራራቀ ሁለት ቁሶችን መምረጥ ነው። የነፃ ኤሌክትሮን ምላሽ በ2 ቢለካ፥ ኢንዲየም አንቲሞናይድ በሚባለው ከፊል አስተላላፊ ውስጥ 50 ያህል ይሆናል። ስለዚህ መካከለኛ መስክ ልዕለ አስተላላፊውን ሳይገድል ሽቦውን ሊለውጠው ይችላል።

በ2012 በሆላንድ የዴልፍት የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፥ በሌዮ ካወንሆፈን የሚመራው ቡድን ይህን አደረገ። ሽቦዎቹ በአይንድሆቨን የበቀሉ ኢንዲየም አንቲሞናይድ ነበሩ፥ ውፍረታቸው 100 ናኖሜትር ያህል፤ ልዕለ አስተላላፊው ኒዮቢየም ቲታኒየም ናይትራይድ ነበር። ሙቀቱን ከአንድ ኬልቪን ዐሥረኛ በታች አውርደው፥ ቮልቴጁን እያሻገሩ የሽቦውን ጫፍ የአስተላላፊነት መጠን ለኩ። መስኩ ከ100 እስከ 400 ሚሊቴስላ በሆነ ጊዜ፥ ልክ ቮልቴጁ ዜሮ በሆነበት ቦታ አንድ ጉብታ ብቅ አለ። መስኩ ሲጨምር ጉብታው ከዜሮ ወዲያና ወዲህ አልተንቀሳቀሰም። ንድፈ ሐሳቡ የተናገረውም ይህንኑ ነበር፤ ባዶው እጅ ከዜሮ ኀይል ላይ መቀመጥ አለበትና። በዚያው ዓመት በእስራኤል የቫይስማን ተቋምና በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመሳሳይ ጉብታ አሳዩ።

እኔ ራሴ በዚያ ዓመት ያን ግራፍ በትልቁ አሳትሜ ከሥራ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ለጠፍሁት። አላፍርበትም፤ ሥራው ታላቅ ሥራ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን የጽሑፉን ርእስ በጥንቃቄ አላነበብሁትም። ደራሲዎቹ የጻፉት «ምልክቶች» ብለው ነበር፤ እኔና ብዙዎች መሰሎቼ ያነበብነው «ግኝት» ብለን ነው።

ምልክቱ ሁለት ጉድለት ነበረበት። አንደኛው የጉብታው ቁመት ነው። ንድፈ ሐሳቡ ቁመቱን በትክክል ይናገራል፤ የኤሌክትሮን ሙል ካሬ በፕላንክ ቋሚ ተካፍሎ በሁለት ሲባዛ የሚገኘው መጠን ነው፥ ይኸውም 12,900 ኦም ገደማ የሆነ ተቃውሞ ማለት ነው። በ2012 የታየው ጉብታ ግን ከዚህ መጠን 5 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ሁለተኛው ጉድለት የክፍተቱ ልልነት ነው፤ ማንም ኤሌክትሮን ሊገኝበት በማይገባው የኀይል ክልል ውስጥ ብዙ የባዘኑ ኤሌክትሮኖች ይታዩ ነበር።

ከዚህ የከፋው ግን ሌላ ነው። አንድሬዬቭን ያነሣሁት ለዚህ ነበር። በሽቦው ጫፍ ላይ፥ ልዕለ አስተላላፊው ካልሸፈነው ቦታ፥ ኤሌክትሮን እየተመላለሰ የሚታሰርበት ትንሽ ጉድጓድ በቀላሉ ይፈጠራል። በዚያ የሚፈጠረው ተራ የአንድሬዬቭ ሁኔታ፥ መስክና ቮልቴጅ ሲለዋወጡ ዜሮ ላይ መጥቶ ሊቀመጥና ለጥቂት ጊዜ ሊቆይ ይችላል። እንዲህ ያለው ጉብታ ሁለቱም እጆቹ በአንድ ጫፍ ያሉ ተራ ነገር ነው፤ በአንዱ ጫፍ ብቻ ለሚለካ መሣሪያ ግን ከማጆራና ጉብታ አይለይም። በርካታ የንድፈ ሐሳብ ሰዎች ከ2012 ጀምሮ ይህን አመልክተዋል፤ በ2017 እነዳስ ሳርማ ራሳቸው፥ ማለትም የመጀመሪያውን ሐሳብ ካቀረቡት ወገን የሆኑት፥ ተራው ሁኔታ ምን ያህል ማጆራናን ሊመስል እንደሚችል በሰፊው አሳዩ። ሰርገኛ ጤፍ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ቀለም ይመስላል።

ሠሪዎቹ መልሳቸውን የሰጡት በቁሱ ነው፤ ለእኔ የዚህ ታሪክ እጅግ የሚያኰራው ክፍል ይህ ነው። የክፍተቱ ልልነት የመጣው ከመጋጠሚያው ቆሻሻነት ነበር። ከፊል አስተላላፊው ሽቦ ከበቀለበት ዕቃ ወጥቶ አየር ሲነካው ገጽታው ዝገት ይይዛል፤ ልዕለ አስተላላፊው የሚለጠፈው በዚያ ዝገት ላይ ወይም ዝገቱ ተፍቆ በቆሰለው ገጽታ ላይ ነው። በ2015 የኮፐንሃገን ጠበብት ኢንዲየም አርሰናይድ ሽቦ ካበቀሉ በኋላ፥ ከአየር ባዶ ከሆነው ክፍል ሳያወጡ፥ አቀዝቅዘው አሉሚንየም አለበሱት። የሁለቱ ክሪስታሎች አቶሞች በሥርዓት ገጠሙ፥ ክፍተቱም ጠነከረ። ይህ ሥራ ማጆራና ቢኖርም ባይኖርም የሚኖር ሥራ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በእነዚህ ቁሶች የተሠራው ሁሉ የእርሱ ተጠቃሚ ሆኗል።

ቁሱ ከጠራ በኋላ ቁመቱን መጠበቅ ተጀመረ። በ2018 ከዴልፍት ቡድን በ«ኔቸር» መጽሔት የወጣ ጽሑፍ፥ ጉብታው የተተነበየውን ቁመት ልክ እንደደረሰና መሣሪያው ሲነካካም በዚያ ቁመት ላይ እንደ ደልዳላ ሜዳ ጸንቶ እንደቆየ ገለጠ። ካወንሆፈን ከ2016 ጀምሮ ወደ ማይክሮሶፍት ተዛውረው ነበር። በዓለም ዙሪያ የኳንተም ኮምፒዩተር ተስፋ በዚህ ግራፍ ላይ ተሰቀለ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ያደረጉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ቪንሰንት ሙሪክና ሰርጌይ ፍሮሎቭ። ሙሪክ የ2012ቱ ጽሑፍ የመጀመሪያ ስም፥ ፍሮሎቭም ከደራሲዎቹ አንዱ ነበሩ። እንግዲህ የመጡት ከውጭ አይደለም፤ የፍለጋው ጀማሪዎች ናቸው፥ ጉብታው እውነት ቢሆን ክብሩ ለእነርሱም ይተርፍ ነበር። የ2018ን ግራፍ ሲመረምሩ ያልተስማማቸው ነገር ስላገኙ ያልታተመውን መለኪያ በሙሉ ጠየቁ። መረጃው ሲወጣ፥ ከታተመው ክልል ውጭ አስተላላፊነቱ ከተተነበየው ቁመት አልፎ እንደሚሄድ፥ ሜዳ የተባለውም ሰፊ በሆነው ግራፍ ላይ ሜዳ እንዳልነበረ ታየ። ሙል ዘሎ መለኪያው በተዛነፈበት ቦታም ግራፉ ሳያስፈልግ ተስተካክሎ ነበር። ጽሑፉ በ2021 በደራሲዎቹ ተሰረዘ፤ ለጥንቃቄ ጉድለቱም ይቅርታ ጠየቁ። ዩኒቨርሲቲው የሾማቸው አራት ጠበብት ነገሩን መርምረው፥ ይበልጥ የሚመስለው ምክንያት ደራሲዎቹ በጊዜው ደስታ ተወስደው፥ ከግባቸው ጋር ያልገጠመውን መለኪያ ሳያዩት መቅረታቸው እንደሆነ ጻፉ።

ብዙዎች ይህን ታሪክ ሲያወሩ እንደ ቅሌት ያወሩታል። እኔ ግን ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ተራነቱ ነው። በብዙ መቶ ግራፎች መካከል ተቀምጦ፥ ንድፈ ሐሳቡ የሚፈልገውን አንዱን አግኝቶ፥ «ይኸው መሣሪያው ዛሬ ሠራ» ማለት ማንኛችንም የምናውቀው ፈተና ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ ብዙ መቈጣጠሪያ አለው፤ እያንዳንዱን ጥቂት ሲነኩት አዲስ ግራፍ ይወጣል። በቂ ጊዜ ካለ የሚፈለገው መልክ አንድ ቀን ይመጣል። ስለዚህ አንድ ግራፍ ብቻ ምንም ያህል ቢያምር ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃው ያ ግራፍ ከስንት ግራፍ መካከል እንደተመረጠ ነው፥ ያን ደግሞ አንባቢ ሊያውቅ የሚችለው ሁሉንም ሲያይ ብቻ ነው። የ2012ቱን ግራፍ ከግድግዳዬ አላነሣሁትም፤ ከጎኑ የ2018ቱን ሁለቱንም፥ የታተመውንና ሙሉውን፥ ለጥፌአለሁ።

የማይክሮሶፍት ሰዎች ከዚህ ተምረው መንገዳቸውን ለወጡ። መሣሪያው በአንድ ጫፍ ብቻ ሳይሆን በሁለቱም ጫፎች፥ ደግሞም ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲለካ፥ መለኪያው ሳይጀመርም የፈተናው ሥርዓት በጽሑፍ እንዲወሰን አደረጉ። በ2023 ባወጡት ጽሑፍ በኢንዲየም አርሰናይድና በአሉሚንየም የተሠሩ መሣሪያዎች ፈተናውን ማለፋቸውን፥ ያለፈው መሣሪያ ሐሰት የመሆን ዕድሉም ከ8 በመቶ በታች መሆኑን ገለጡ። ሐሳቡ ትክክለኛ ሐሳብ ነው። ነገር ግን በ2025 ሄንሪ ሌግ የተባሉ ፊዚክሰኛ፥ የፈተናው ውጤት በተመረጠው የመስክና የቮልቴጅ ክልል ላይ እንደሚንጠለጠልና ክልሉ ሲለወጥ አላፊው ወዳቂ ሊሆን እንደሚችል ተከራከሩ፤ ኩባንያው ግን ክርክሩን አልተቀበለም።

በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር ኩባንያው «ማጆራና 1» የተባለውን ቺፕ ይፋ አደረገ፥ ከእርሱም ጋር በ«ኔቸር» አንድ ጽሑፍ ወጣ። ጽሑፉ በሽቦው ውስጥ ያለው የኤሌክትሮን ቍጥር ጎዶሎ ወይም ሙሉ መሆኑን በአንድ ጊዜ መለኪያ፥ 1 በመቶ ገደማ በሆነ ስሕተት፥ ማንበብ እንደተቻለ ያሳያል፤ ቍጥሩም ሳይለወጥ ከአንድ ሚሊሰከንድ በላይ ቆይቷል። ይህ ከባድና የሚደነቅ የመለኪያ ሥራ ነው። ጽሑፉ ራሱ ግን መለኪያው ብቻውን ሁኔታው ቶፖሎጂያዊ መሆኑን እንደማይወስን ይናገራል፤ የመጽሔቱ አዘጋጆችም ከገምጋሚዎቹ አስተያየት ጋር ባወጡት ማስታወሻ፥ ውጤቱ የማጆራና ሁኔታ መኖርን የሚያረጋግጥ ማስረጃ እንዳልሆነ አመለከቱ። የኩባንያው የዜና መግለጫ የተናገረው ከዚህ የበለጠ ነበር። በ2012 እኔ በገዛ እጄ ያጠፋሁትን በ«ምልክት»ና በ«ግኝት» መካከል ያለ ርቀት፥ በ2025 በአንድ ቀን በወጡ ሁለት ወረቀቶች መካከል አየሁት።

ሌላው መንገድ በጸጥታ የሚሄድ ነው። ሽቦው በራሱ ሰልፍ እንዲሠራ ከመጠበቅ፥ ሰልፉን ሰው በሰው ለምን አናቆምም? ይህ የኪታየቭን ወረቀት እንደ ቃሉ መውሰድ ነው። ሌይንሰና ፍሌንስበርግ በ2012 ሁለት ኳንተም ነቁጦችን በልዕለ አስተላላፊ በማገናኘት ትንሹን ሰልፍ መሥራት እንደሚቻል አስበው ነበር፤ ለእንዲህ ያለው ማጆራናም «የድኻ ሰው» የሚል ቅጽል ሰጡት፥ ቍጥቡ መቈጣጠሪያ በጥቂቱ ሲዛባ የሚጠፋ፥ ያ ጠንካራ ጥበቃ የሌለው ስለሆነ። በ2023 የዴልፍት ጠበብት ይህን ሠሩት። የሁለቱ ነቁጦች ግንኙነት እንዴት እንደተስተካከለ፥ ምልክቱ የት እንደሚመጣና የት እንደሚጠፋ፥ ሁሉም በእጅ የሚቈጣጠሩት ስለሆነ ከተራው የአንድሬዬቭ ሁኔታ ጋር የሚምታታበት ስፍራ ጠባብ ነው። ጥበቃው እንዲጠነክር ግን ሰልፉ መርዘም አለበት፤ እያንዳንዱ አዲስ ነቁጥም አዲስ መስተካከል ይጠይቃል። በ2025 የወጣው ሥራ ሰልፉን ሦስት አድርሶታል፤ ከሁለቱ ይልቅ የሦስቱ ጫፎች ለሁከት የበለጠ ሲጸኑ ታይተዋል።